ኪነት ብዬ ያነበብኩት ማስታወቂያ

በደርግ ጊዜ፣ ለአዲስ አበባ ገና እንግዶች ሳለን፣ እሑድ ከሰዓት ከባሌ ጋር ሃያ ሁለት አካባቢ ስንንሸራሸር ከቀበሌው አዳራሽ ሙዚቃ ሰማን። በሩ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ፊደል በፊደል ለቅሜ፣ «ኪነት ይላል፣ በነፃ ነው» አልኩት። ከሥር ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ተውኩት። ልጄን እንዳዘልኩ ገባን።

ሁለት ዘፈን እንደሰማን በሩ ተዘጋና በደቃቁ የተጻፈው የቀበሌ ስብሰባ ተጀመረ። ልጄ አልቅሳ ስብሰባ ረበሹ ተብለን እንዳንያዝ ስጨነቅ፣ እውነትም አዳራሹን በለቅሶ አቀለጠችው። ሊቀመንበሩ ንግግሩን አቋርጦ፣ «በሉ አንዳችሁ ይዛችኋት ውጡ» አለ። እፎይ ብዬ ልነሳ ስል፣ ልጅ ታቅፎ የማያውቀው ባሌ ቀደመኝና «ጓድ፣ ያለ እኔ ዝም አትልም» ብሎ ከጀርባዬ አወረዳት።

እኔ በየንግግሩ ሳጨበጭብ፣ እሱ ደጅ ሆኖ መጀመሪያ የሰማነውን ዘፈን ሲያፏጭላት ይሰማኛል።