ወንድሜ ያማረው ዳቦ

ወንድሜ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ "የእማዬ ድፎ ዳቦ አማረኝ" ብሎ ላከብን። ቡሬ ገበያ ወጥቼ የሱቅ እርሾ ይዤ ብገባ እናቴ አየችውና "እሱ የበሽተኛ ሆድ ይነፋል፤ እኔ በራሴ እርሾ ነው የምጋግርለት" አለችኝ። ብርድ ስለነበር ሊጡ ኩፍ ለማለት ዘገየ። ቸኩዬ ክዳኑን ከፈት ባደረግኩ ቁጥር "ተይው እንጂ፣ ይድረስ" ትለኛለች። በማግስቱ በኮባ ጋገረችው፣ በነጠላ ጠቀለለችልኝ፣ እኔም ሚኒባስ ውስጥ ጭኔ ላይ አድርጌው ሄድኩ። ትኩስ ነበር።

ስደርስ የወንድሜ አልጋ ባዶ ነው፤ አንሶላው ተነስቷል። ሲያስታምመው የነበረው አጎቴ መስኮቱ ጋ ፊቱን አዙሮ ያለቅሳል። ከወንድሜ አልጋ አጠገብ የተኙት ሽማግሌ የያዝኩትን አዩና "ማታ ስለዚህ ዳቦ ሲያጫውተኝ ነበር። ጠዋት አረፈ፣ ልጄ" አሉኝ። ምን እንደማደርግ ጠፋኝና ቆርሼ ሰጠኋቸው። "ነፍስ ይማር" ብለው ቀስ ብለው በሉ። የቀረውን ለክፍሉ በሽተኞች አከፋፈልኩት።

አጎቴ "ለእናትሽ እንዳትነግሪያት፤ ነገ ማለዳ ከሽማግሌዎች ጋር መጥቼ አረዳታለሁ" ብሎ ወደ ቤት መለሰኝ። እናቴ ደጅ ቆማ ስትጠብቀኝ አገኘኋት። ባዶውን ነጠላ ተቀበለችኝና "በላልኝ?" አለች።

"በላ" አልኳት።

"እንግዲያው ነገም ይዘሽለት ትሄጃለሽ" አለችና ዱቄት ልትነፋ ገባች።