በመጽሐፍ የመጣብኝ መርዶ

እናንተዬ፣ ያን ለት ነፍሴ ያልወጣችው በአላህ ነው! ልጄ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች፤ እዚህ መካነ ሰላም ደግሞ ልጁን አረብ አገር ከላከ ቤት ለቅሶ ከተሰማ መርዶ ነው። ጓሮ ጎመን ስቀነጥስ የልጅ ልጄ ዘሐራ ከውስጥ እሪ ብላ አለቀሰች። ልጄ ሞተች አልኩና መሬት ላይ ተዘረርኩ፤ ጎረቤቱ ደረቱን እየመታ ግቢውን ሞላው።

ዘሐራ መጽሐፍ ታቅፋ ወጣች። «እማማ፣ ምን ሆኑ?»

«እናትሽ ሞታ ምን ሆኑ ትይኛለሽ?»

«ኧረ እሷ ደህና ናት! የሞተችው መጽሐፉ ውስጥ ያለችው ልጅ ናት፤ የሚወዳት ሳይደርስላት!»

ክው አልኩ። በዱንያ ላይ ለሌለች ሴት! ጎረቤቴ ከድጃ እንባዋን እየጠረገች፣ «ካስለቀስሽን አይቀር አንብቢልን» አለቻት።

«ቆይ!» አልኩ። «መጀመሪያ ለእናትሽ ደውይልኝ፣ ድምጿን ልስማ። ለመጽሐፉ ልጅ ከዚያ እናለቅስላታለን።»