ማዶ ሆና የደወለችው

ደሴ፣ ከሰዓት በኋላ፦ ዓይናቸው የጠፋው ጡረተኛ የእንግሊዝኛ መምህር ጋሽ ይርዳው በረንዳቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ በየሐሙሱ እየመጣች የምታነብላቸው የቀድሞ ተማሪያቸው ሰዓዳ፣ ዛሬ ራሷም የእንግሊዝኛ መምህርት፣ አንድ የቆየ የአሜሪካ አጭር ልቦለድ ይዛ ከጎናቸው አለች።

ጋሽ ይርዳው፦ ቆዪ፣ ቆዪ! እዚያ ላይ «አመነታ» የሚል የለም። ከየት አመጣሽው?

ሰዓዳ፦ አለ እኮ ጋሼ። ማንኪያውን አነሳ፣ ትንሽ አመነታ…

ጋሽ ይርዳው፦ የለም! ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩትን ታሪክ ልታስተምሪኝ ነው? ማንኪያውን አነሳ፣ ሾርባው ላይ ጨው ነሰነሰ፣ በላ። አራት ነጥብ። የጠፋው ዓይኔ ነው እንጂ ጭንቅላቴ አይደለም።

ሰዓዳ፦ እሺ፣ ተሳሳትኩ።

ጋሽ ይርዳው፦ አልተሳሳትሽም፤ ዋሸሽ። ለማያይ ሰው እያነበቡ መዋሸት ደግሞ ከሌብነት አይሻልም። ለምን?

ሰዓዳ፦ አንድ ጊዜ እንኳ ቢያመነታ ምናለበት ብዬ ነው።

ጋሽ ይርዳው፦ አንቺንም መምህርት ይሉሻል! በይ እስቲ፣ ታሪኩን ከመጀመሪያው ንገሪኝ። ገብቶሽ እንደሆነ ልይ።

ሰዓዳ፦ ጋሼ ደግሞ፣ ዛሬም ተማሪዎ ነኝ እንዴ?

ጋሽ ይርዳው፦ ንገሪኝ አልኩ።

ሰዓዳ፦ ሰውዬው ትልቅ ወንዝ ዳር ነው የሚኖረው። መንገደኛ በጀልባ ያሻግራል። ሴት ልጁ እሱ ካልወደደው ሰው ጋር ልትሄድ ስትነሳ፣ «ዛሬ ተሻግረሽ ከሄድሽ ዳግመኛ አላሻግርሽም» ይላታል። ትሄዳለች። ከዓመታት በኋላ፣ ወንዙ በሞላበት ሰሞን ትመጣና ማዶ ሆና ጀልባ መጥሪያውን ደወል ትደውላለች። እሱ ራቱ ላይ ነው። አደዋወሏን ያውቀዋል። ደወሉ ዝም እስኪል ቁጭ ብሎ ይበላል። ሲነጋ ሲሻገር ማንም የለም። ትመለስ፣ ውሃ ይውሰዳት፣ ታሪኩ አይነግረንም።

ጋሽ ይርዳው፦ ጎበዝ። ታዲያ የምን ማመንታት ነው የምትጨምሪበት?

ሰዓዳ፦ ወንዙ ሞልቶ ነበር እኮ ጋሼ። ፈርቶ ቢሆንስ?

ጋሽ ይርዳው፦ በዚያው ሰሞን ሐኪሙን አሻግሮ የለም? ያውም በባሰ ውሃ።

ሰዓዳ፦ እድሜውም ገፍቷል። ጉልበቱ ከድቶት…

ጋሽ ይርዳው፦ ሙሉ ቀን እንጨት ሲፈልጥ ነው የዋለው።

ሰዓዳ፦ እሺ፣ እሷ መሆኗን ባያረጋግጥስ? ደወል ነው፤ ማንም መንገደኛ ይደውለዋል።

ጋሽ ይርዳው፦ ሁለቴ አጠር፣ አንዴ ረዘም! ልጅ ሆና ያስተማራት ራሱ ነው። ምነው፣ ዛሬ ጥብቅና ጀመርሽ?

ሰዓዳ፦ ሰበብ እየፈለግኩለት ነው።

ጋሽ ይርዳው፦ እሱ ሰበብ አልጠየቀሽም! ሰውዬውን ሰው ያደረገው ምን ሆነና? ሰበብ የለውም። አልተሻገረም፤ አለቀ። አንድ ጊዜ ተናግሯል። ቃሉን ይብላ ነው የምትይው?

ሰዓዳ፦ ቃሉን አልበላም። ራቱን ግን በላ።

ጋሽ ይርዳው፦ አፍ አውጥተሻል። ድሮ እንኳ ማልቀስ ብቻ ነበር የምትችይው። «ውሃው ይበርዳታል ጋሼ» ብለሽ ክፍሉን በሳቅ አፈረስሽው።

ሰዓዳ፦ እርስዎ ነዎት ያሳቁብኝ።

ጋሽ ይርዳው፦ የሚያስቅ ነገር ተናገርሻ! ባልሽም ቢሆን ይሄ ልቅሶሽ ሰልችቶት ነው የሄደው። ማን ይችልሻል?

ሰዓዳ፦ እሱን ይተዉት ጋሼ። ሰናይት ግን ያን ቀን አልሳቀችም።

ጋሽ ይርዳው፦ ማን?

ሰዓዳ፦ ሰናይት። ልጅዎ።

ጋሽ ይርዳው፦ እዚህ ቤት ያ ስም አይጠራም።

ሰዓዳ፦ ከኔ ጎን ነበር የምትቀመጠው። እጇን አውጥታ፣ «ያልተሻገረው ስለሚወዳት ነው፤ ፊቷን ካየ እንደሚሸነፍ ያውቃል» አለች። ምን እንዳደረጓት ያስታውሳሉ?

ጋሽ ይርዳው፦ ዜሮ ሰጠኋት።

ሰዓዳ፦ ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ጥግ ላይ አቆሟት።

ጋሽ ይርዳው፦ የኔ ልጅ ብዬ አላዳላም። መልሱ ስህተት ነበር።

ሰዓዳ፦ ዛሬ ብትመልስልዎትስ?

ጋሽ ይርዳው፦ ዛሬም ዜሮ ነው። መጽሐፉ አልተቀየረ።

ሰዓዳ፦ ሰውስ አይቀየርም? ሰውዬው አርጅቶ፣ ሚስቱ ሞታበት፣ ባዶ ቤት ተቀምጦ፣ ዓይኑም…

ጋሽ ይርዳው፦ እኔን ልታደርጊው ነው?

ሰዓዳ፦ እርስዎን አላልኩም።

ጋሽ ይርዳው፦ ብለሻል! እሺ እንኪ፣ እኔን አድርጊው። ደወሉን ብሰማ አልሻገርም። ከሹፌር ጋር ኮብልላ እናቷን በቁሟ የገደለች ልጅ አላሻግርም። ገባሽ?

ሰዓዳ፦ እትዬ በላይነሽ በስኳር ነው የሞቱት ጋሼ። በአላህ፣ እርስዎም ያውቁታል።

ጋሽ ይርዳው፦ በሷ ነው የሞተችው! ስኳሩንስ ማን አመጣባት?

ሰዓዳ፦ ለቅሶ መጥታ ነበር።

ጋሽ ይርዳው፦ መምጣቷንማ አውቃለሁ። እድርተኞቹን «እንዳታስገቧት» ያልኳቸው እኔ ነኝ።

ሰዓዳ፦ ድንኳኑ ውስጥ ሆነው ድምጿ ይሰማዎት ነበር?

ጋሽ ይርዳው፦ እንዴት አይሰማኝ? ዝናቡ ይወርዳል፣ እሷ አጥሩ ሥር ሆና «እማዬ፣ እማዬ» ትላለች። ያን ሁሉ ለቀስተኛ ዝም አሰኘችው።

ሰዓዳ፦ እርስዎስ ያን ጊዜ ምን ያደርጉ ነበር? ጋሼ፣ ቀስ ብለው ይመልሱልኝ። እባክዎን።

ጋሽ ይርዳው፦ ምን አደርጋለሁ? ንፍሮ ቀርቦልኝ ነበር። በላሁ። ደግሞ ጣፈጠኝ።

ሰዓዳ፦ አንዴ ይቆዩኝ ጋሼ፣ ስልኬን ልይ።

ጋሽ ይርዳው፦ ምን ተፈጠረ?

ሰዓዳ፦ ምንም።

ጋሽ ይርዳው፦ እንግዲያው አንብቢያ! የጠዋቱ ቀርቷል፣ ሲሻገር ያለው።

ሰዓዳ፦ አሁን ባይነበብም ችግር የለውም።

ጋሽ ይርዳው፦ ምን ሆነሻል አንቺ ዛሬ?

ሰዓዳ፦ ሰናይት ደሴ ናት ጋሼ።

ጋሽ ይርዳው፦ ምን አልሽ? መቼ?

ሰዓዳ፦ ትናንት ነው የገባችው። መናኸሪያው አጠገብ ሆቴል ይዛለች። ሴት ልጇም አብራት አለች፤ ጥርሷን እየቀየረች ነው። በላይነሽ ነው ስሟ።

ጋሽ ይርዳው፦ በላይነሽ?

ሰዓዳ፦ በእናቷ ስም ነው የጠራቻት።

ጋሽ ይርዳው፦ ምን… ምን ፈልጋ መጣች?

ሰዓዳ፦ እርስዎን። ዓይንዎ መጥፋቱን ከሰው ሰማች። ሐዋሳ ቤቷ ወስዳ ልታኖርዎት ነበር፤ ክፍልም አዘጋጅታለች። ብቻ ደግማ እንዳትባረር ፈራች። «ያንን ታሪክ አንብቢለት። አሁን ስለ ሰውዬው ምን እንደሚል ልወቅና ከዚያ እመጣለሁ» አለችኝ።

ጋሽ ይርዳው፦ ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? አንቺ እርጉም! ቀድመሽ ለምን አልነገርሽኝም?

ሰዓዳ፦ ቀድሜ ብነግርዎትማ የምትፈልገውን መልስ ያዘጋጁላታል። እሷ የፈለገችው የልብዎን ነው። እኔ ግን አሳዘኑኝና ሰበቡን ሁሉ ደረደርኩልዎት፤ ወንዙን፣ እርጅናውን፣ ደወሉን። አንዱን እንኳ ቢቀበሉኝ ምን ነበረበት?

ጋሽ ይርዳው፦ ልቦለድ ነው እኮ! ስለ መጽሐፍ ነው የተከራከርኩት!

ሰዓዳ፦ ንፍሮው መጽሐፉ ውስጥ የለም ጋሼ።

ጋሽ ይርዳው፦ አልበላሁትም።

ሰዓዳ፦ ምኑን?

ጋሽ ይርዳው፦ ንፍሮውን። እጄ ላይ ጨብጬው ነበር፣ አፌ እምቢ አለኝ። ጋቢዬ ውስጥ ነው የበተንኩት። ሰዓዳ ልጄ፣ ለወሬ ያህል ነው እኮ ጣፈጠኝ ያልኩት። አንቺ ፊት መሸነፍ አቅቶኝ ነው። ሂጂና ንገሪያት። አባትሽ አልበላም በያት።

ሰዓዳ፦ ስልኬ ጭኔ ላይ ክፍት ነበር። ከመጀመሪያው ጀምሮ ስትሰማዎት ነበር። ልክ «ጣፈጠኝ» ሲሉ ዘጋችው።

ጋሽ ይርዳው፦ መልሰሽ ደውይላ! አሁኑኑ ደውይ!

ሰዓዳ፦ ሁለቴ ሞከርኩ፣ እርስዎ «አንብቢ» ሲሉኝ። ስልኳን አጥፍታዋለች።

ጋሽ ይርዳው፦ እንግዲያው ሆቴሉ ድረስ ውሰጂኝ። ተነሺ። ጫማዬ የት አለ? ጫማዬን አቀብይኝና እጄን ያዢኝ።

ሰዓዳ፦ «እንደ ድሮው ከሆነ ወደ እኔ እንዳታመጪው» ብላ አስምላኛለች።

ጋሽ ይርዳው፦ አንቺ መንገዱን ብቻ አሳዪኝ! በር ላይ ጥለሽኝ ሂጂ!

ሰዓዳ፦ ቀሚሴን ይልቀቁኝ ጋሼ።

ጋሽ ይርዳው፦ የልጅቷን ድምፅ ብቻ… እሺ፣ እሺ፣ ለቀቅኩሽ። አትቆጪ። ሐሙስ ስትመጪ እንነጋገራለን። ሐሙስ ትመጪያለሽ አይደል? ሰዓዳ?

ሰዓዳ፦ መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ትቼልዎታለሁ፤ ከእንግዲህ ራስዎ ያንብቡት።