መርዶ በቀን

ዝናብ ሲይዘኝ ከሰው ጋር መጠለል አልወድም። የተጠለለ ሰው ወሬ ያበዛል። ያን ረቡዕ ግን እዚህ ባሕር ማዶ በምንኖርበት ሰፈር፣ ሰንሻይን ዌስት፣ ጸጉሬን ልቆረጥ ስሄድ ዶፉ ወረደብኝና ጸጉር ቤቱ በረንዳ ሥር ስገባ ከጋሼ እሸቱ ጋር ተፋጠጥኩ። ጋሼ እሸቱ የእድራችን ሊቀመንበር ናቸው። ሰባን አልፈዋል፤ በዚህ ሰፈር ያለ እሳቸው የሚጋባም የሚታረቅም የሚቀበርም የለም።

«ብዙአየሁ! እግዜር ነው ያመጣህ» አሉና ክንዴን ይዘው ወደ ግድግዳው አስጠጉኝ። «ያ ያንተ ተከራይ፣ ሩቤል፣ እናቱ ትናንት ማታ አረፉ። ዛሬ በአገር ቤት አቆጣጠር ቀን በስድስት ሰዓት ይቀበራሉ። እህቱ ሀሴት ጠዋት ደውላ ‹አደራ፣ እንዳይሰማ› አለችኝ።»

«እኔን!» አልኩ። ሴትዮዋን በዓይኔ አይቻቸው አላውቅም፤ ድምፃቸውን ግን በግድግዳ አውቀዋለሁ። ሩቤል የሚኖረው ከቤቴ ጓሮ ባለችው ክፍል ነው፤ በየእሑዱ ስልኩን ጮክ አድርጎ ያነጋግራቸዋል። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ሁልጊዜ «በልተሃል ወይ?» ነበር።

«ቅዳሜ ሥራ የለውም። ጎህ ሲቀድ ተሰብስበን መጥተን እንነግረዋለን። እስከዚያ ፊትህን እንዳታጠቁርበት። ደግሞ ያንን ኢንተርኔት አጥፋበት።»

«ምን ብዬ?»

«ተበላሸ በላ! የተማርክ ሰው አይደለህ እንዴ? ምክንያት ይጠፋሃል?»

ዌሪቢ ባለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። ያን ሁሉ ዓመት የተማርኩት ለካ ለዚህ ኖሯል! እስከ ቅዳሜ ድረስ ከልጁ ጋር ቁርስ ልበላ፣ እናቱ እንደሞቱ እያወቅሁ «እንዴት ናቸው?» ልለው ነው። ግን የጋሼ እሸቱን ቃል አልመልስም፤ በሰፈራችን ማንም አይመልስም።

ይኼኔ ከጸጉር ቤቱ ጎን ያለው በር ተከፈተና ዜማ ብቅ አለች። ዜማ ካውንስለር ናት። ከሁለት ዓመት ወዲህ ያቺን አንድ ክፍል ተከራይታ የጨነቀውን፣ ያዘነውን፣ ከቤቱ የተጣላውን በየተራ ታነጋግራለች።

«ጋሼ፣ ዝናብ እየመታዎት ነው፤ ይግቡ እንጂ» አለች። ገብተን እንደተቀመጥን ደግሞ፦ «ግድግዳው ስስ ነው፤ ሳልፈልግ ሰምቻችኋለሁ። ጋሼ፣ ከፈቀዱልኝ አንድ ነገር ልናገር። እባክዎ ዛሬውኑ ይንገሩት።»

ጋሼ እሸቱ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ይህን ካደረጉ ተቆጥተዋል ማለት ነው።

«ልጄ፣ አትቀየሚኝ። ጎህ ሲቀድ የሚነገረው እኮ ያለ ነገር አይደለም። ሰውዬው እንቅልፉን ጠግቦ፣ በቤቱ ሳለ፣ መሬት ላይ ሲወድቅ የሚያነሳው ሰው ከቦት እንዲሰማ ነው። አባቶቻችን ሞኞች አልነበሩም።»

«አልነበሩም። እኔም ሰው መሰብሰቡን አልጠላሁም፤ እዝኑን አልጠላሁም፤ ደግፎ መያዙንማ ማን ይጠላል! እኔ የምለው ውሸቱ ይቅር ነው። ፌስቡክ እስከ ቅዳሜ ይጠብቃል? አንዱ የአክስቱ ልጅ ፎቷቸውን ከሻማ ጋር ይለጥፋል፤ ሩቤል ላቨርተን ኖርዝ መጋዘን ውስጥ የዕቃ ማንሻ መኪናው፣ ፎርክሊፍቱ ላይ ሆኖ ያየዋል። ያን ጊዜ ማን ያነሳዋል?»

ጋሼ እሸቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እሺ፣ የመጣሁበት ነገር ባይሆንም ካነሳሽው ልንገርሽ። ሰው ምን እንደሚል ታውቂያለሽ? የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይላል። ትዳርሽ ዓምና ፈረሰ። ራስሽ ሳትጽናኚ ሌላውን እንዴት ታጽናኛለሽ? ደግሞስ ሐዘን እንደ ሐኪም ቀጠሮ ቡክ ይደረጋል እንዴ?»

እኔ በሷ ቦታ ብሆን በሩን አሳያቸው ነበር። እሷ ግን ሳቀች፤ ሳቋም የእውነት ነበር።

«ያረረበት ሰው ሽታውን ቶሎ ያውቃል ጋሼ። አልዋሽዎትም፣ ትዳሬ ሲፈርስ ይህን በር ልዘጋው ነበር። ቀን የሰው እንባ፣ ማታ የራሴ። ስልኬን ሌሊትም አነሳ ነበር፤ እምቢ ማለት ኃጢአት ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ሰው እያወራኝ ምንም እንዳልሰማሁት ገባኝ። ያን ጊዜ ነው ቀጠሮ ያበጀሁት። አሁን ሰኞ ሰኞ በሬ ዝግ ነው። ሰኞ እኔ ራሴ ሌላ ሴት ዘንድ ሄጄ የሆዴን አወራለሁ።»

«ካውንስለርም ካውንስለር አላት?»

«ጎረቤቴ ጸጉር ቆራጩ የራሱን ማጅራት ራሱ ይቆርጣል እንዴ?»

ጋሼ እሸቱ ሳያስቡት ፈገግ አሉ፤ ወዲያው ግን ፊታቸውን ሰበሰቡ። «ይሁን። ግን መርዶ የሽማግሌ ሥራ ነው።»

ዜማ ወንበሯን ወደሳቸው ጠጋ አደረገች።

«ጋሼ፣ የኔን እናት ያስታውሳሉ? ስትሞት ፈተና ላይ ነበርኩ። ከአገር ቤት ለእርስዎ ደወሉ፤ ‹ፈተናዋን ትጨርስ› ተባብላችሁ ደበቃችሁኝ። እኔ በዚያ መሐል የደም ግፊት መድኃኒት ገዝቼ በመንገደኛ ላክሁላት። እርስዎም ‹ደርሷታል፣ እግዜር ይስጥልኝ ብላለች፣ መርቃሻለች› አሉኝ። መረቀችኝ በተባለ ጊዜ እናቴ አፈር ከለበሰች ወር አልፏት ነበር።»

«ላንቺ ብለን ነው» አሉ ጋሼ እሸቱ ቀስ ብለው።

«አውቃለሁ፤ በክፋት አላደረጋችሁትም። ያንን ስለማውቅ ማንንም መጥላት አቃተኝ፤ መውጫ ያጣሁትም ለዚህ ነው። ከዚያ ወዲያ ‹ደህና ናቸው› ሲሉኝ ማመን ተሳነኝ። ትምህርቴን ጥዬ እዚያው ላቨርተን ኖርዝ ካርቶን ሳሽግ ኖርኩ። የማናግረው ሰው ፈልጌ አጣሁ። ወደ ትምህርት ቤት የተመለስኩት፣ ይህችንም በር የከፈትኩት፣ ያን ያጣሁትን ሰው ለሌላ ልሁን ብዬ ነው። እርስዎስ ጋሼ? ደሴ ሲደውሉ ‹ደህና ናት› የሚሉዎትን ያምናሉ?»

ደሴ ያሉት እህታቸው እትዬ ማንተግቦሽ ናቸው፤ ከእናት በላይ ሆነው ያሳደጓቸው። የሳቸውን ስም ሳያነሱ ጋሼ እሸቱ አንድ ስብሰባ አይጨርሱም።

«ደህና ናት እንጂ! ባለፈው ስደውል ተኝታ ነው።»

«ከዚያ በፊትስ?» አልኩ እኔ። በክፋት አልነበረም፤ አፌ አመለጠኝ።

«ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ነበር።» ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አዞሩት። «ከዚያ በፊት... ጎረቤት ለቅሶ ደርሳ...»

እኚያ ስንቱን ሰው ‹ደህና ናቸው› ሲሉ የኖሩ ሽማግሌ፣ ቃሉ ዞሮ እሳቸው ላይ ሲመጣ አየሁ። አሳዘኑኝ። ኮፍያቸውን አንስተው አደረጉ።

«ልጁ ከሥራ ስንት ሰዓት ይወጣል?» አሉኝ።

ዜማ አብራን አልመጣችም። «የሚወደው ሰው ይንገረው፤ የኔ ተራ ኋላ ነው፣ እሱ ከፈለገ» አለች። አንድ ነገር ብቻ መከረቻቸው፦ አስቀምጠው ይንገሩት፣ ‹ታመዋል› እያሉ አያዙሩ፣ ‹ሞቱ› የሚለውን ቃል ሳይሸሹ ይጥሩት።

ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ሩቤል ያንን ብርቱካንማ የሥራ ሰደርያውን እንደለበሰ ገባ። ጋሼ እሸቱን ሳሎኔ ሲያያቸው ቆመ።

«ተቀመጥ ልጄ። ከባድ ነገር ልነግርህ ነው። እናትህ ትናንት ማታ ሞቱ። ድንገት ነው፤ አልተሠቃዩም። እህትህ አብራቸው ነበረች።»

ጩኸቱን አልገልጸውም። ጋሼ እሸቱ በዚያ ዕድሜያቸው ወለሉ ላይ አብረውት ወርደው አቅፈው ያዙት። ጎረቤቱ ተጠራ፣ ቤቱ በሰው ሞላ፣ እዝኑም መጣ፤ ከሥርዓቱ የጎደለ ነገር አልነበረም። ምሽት ላይ፣ አገር ቤት ቀትር ሲሆን፣ መርዶው እንደተነገረው የሰማችው ሀሴት ስልኳን ከመቃብሩ አጠገብ ያዘችለት። አፈሩ ሲወርድ ሰማን። ሩቤል «እማዬ፣ በልቻለሁ፤ አታስቢ» አለ። እኔ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

ኋላ መጥቶ እጄን ያዘኝ። «ጋሽ ብዙ፣ ቀበርኳት። ርቄ ነው እንጂ ቀብሬያታለሁ።»

ጋሼ እሸቱ ወጥ ቤቴ ገብተው ደሴ ሲደውሉ ሰማኋቸው። «ተኝታለች አትበሉኝ። እኔ ወንድሟ ነኝ፤ እውነቱን ስጡኝ» እያሉ ነበር። እውነቱም ወጣ። እትዬ ማንተግቦሽን ከሁለት ወር በፊት ስትሮክ መቷቸው ግማሽ አካላቸው አይታዘዝም፣ አንደበታቸውም ተይዟል። «እንዳይደነግጥ» ተብሎ ተደብቆ ነው። ጋሼ እሸቱ በዚያው ሳምንት አውሮፕላን ላይ ነበሩ።

ሲመለሱ እድሩን ሰብስበው ተናገሩ። ረዥም ንግግር ይወዳሉ፤ ያን ቀን ግን አጭር ነበር። «እህቴ መናገር አልቻለችም፤ ግን አወቀችኝ፤ እጄን ይዛ አልለቅ አለች። እስክጠግብ አጎረስኳት። ይህን ያገኘሁት እውነቱን ስለሰማሁ ነው። ሩቤልም እናቱን ቀበረ፤ ዛሬ እህቱ ስትደውል ድምፅዋን ያምናል። እኛ ሰው እንዳይጎዳ ብለን ስንደብቅ መሰናበቻውን ነው የምንወስድበት። ከእንግዲህ ይህ እድር ሰው ይሰበስባል፣ ያስተዛዝናል፤ አይዋሽም። እኔም ብሆን ሌሊት ሌሊት ስልክ እያነሳሁ ሽምግልና ብቻዬን አልችልም፤ ተራ እናውጣ። ዜማም መጥታ ታስተምረን። ልጄ፣ ያኔ ስለ መድኃኒቱ ይቅር በይኝ።» ዜማ ተነስታ ጉልበታቸውን ልትስም ስትል እሳቸው ቀድመው ግንባሯን ሳሟት።

በጥቅምት፣ እዚህ ፀሐይ መሞቅ ሲጀምር፣ ከደሴ ስልክ መጣ። ለሳቸው ሳይሆን ለኔ ነበር። ዜማን ጠራኋት፤ ሰኞ ነበር፣ በሯ ዝግ፤ ግን ‹ይህ ሥራዬ አይደለም፤ ጋሼ ናቸው› ብላ መጣች። ከቀትር በኋላ ደረስን። ጋሼ እሸቱ ጓሯቸው ውስጥ የቲማቲም ችግኝ ሲተክሉ አገኘናቸው። አንገታቸውን ቀና አድርገው እሷን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ጓንታቸውን ቀስ ብለው አወለቁ።

«በቀን መጣችሁ» አሉ። «እግዜር ይስጣችሁ። ቆዩ፣ ልቀመጥና ንገሩኝ።»