መግቢያው ጠፍቷት ይሆናል

ጋሽ ገሰሰ፣ እንደምን አደሩ? ይቀመጡ፣ ይቀመጡ… ለእኔ ደግሞ ምን ይነሳሉ! ሱቁን ለባሌ ለሃይደር ትቼለት ትንሽ ፀሐይ ልሙቅ ብዬ ነው የመጣሁት። አቤት የዛሬዋ ፀሐይ! ይሄ የአራብሳ ንፋስ ባይኖር ኖሮ እኮ ቤት የሚገባ አልነበረም። ውሃ መጣች እንዴ? አልመጣችም? ይተዉአት፣ እሷንማ ለምደናታል። ጆሮዎስ እንዴት ሆነ? ግራው አሁንም እንደተደፈነ ነው? አይዞዎት፣ እኔ ጮክ ብዬ አወራዎታለሁ። ሌላ ሰው ቢሰማም ምን ይደረጋል… እኛ እንደሆን ክፉ አናወራ።

እኔ የምለው ጋሽ ገሰሰ… እነዚህ የቸርች ሰዎች ምን ዓይነት ድምፅ ነው የሰጣቸው! ከጠዋት ጀምሮ ብሎካችንን እየዞሩ ሲዘምሩ እኔ ሱቅ ውስጥ ስኳር እየመዘንኩ ልቤ አብሯቸው ይዞራል። ከቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ነው አሉ የመጡት፣ ሚኒባስ ተኮናትረው። ለጠፋች ነፍስ ሊጸልዩ። የግቢውን በር የከፈቱላቸው እርስዎ ነዎት አይደል? ደግ አደረጉ። ጸሎትን ማን ይከለክላል? እኔ ሙስሊም ብሆንም ወሎዬ ነኝ፤ ዱዓ ሲደረግ እጄ ራሱ ይዘረጋል፣ የማን ነው ብሎ አይጠይቅም።

ግን መጀመሪያ ላይ ደንግጬ ነበር፣ እውነቴን ነው። አንዷ ውሃ ልትገዛ ስትገባ “ለምንድነው የምትዞሩት?” ብላት፣ ድሮ ኢያሪኮ የሚባል ከተማ ነበር፣ ሕዝቡ ዞሮ ዞሮ ግንቡን ጣለው አለችኝ። እንዴ! የእኛን ብሎክ ለመጣል እኮ ይሄን ያህል መድከም አያስፈልግም፣ በሩን ጠንከር አድርጎ መዝጋት ይበቃል ብዬ ሃይደርን አሳቅሁት። በኋላ ስትገልጽልኝ ለካ የሚጥሉት የሲሚንቶውን ግንብ አይደለም፣ የልብን ነው። የአንዲት አሮጊት ልብ። አራተኛ ፎቅ ላይ ያለች። ያልተሰበረች ልብ አለች አለችኝ… ዳሌያቸው መሰበሩን አልነገሯትም መሰለኝ።

ያቺን አግዳሚው ላይ አረፍ ያለችውን አዩዋት? ኧረ አያፍጡ! ሰማያዊ ሻርፕ ያደረገችውን፣ የውሃ ላስቲክ የያዘችውን። ደክሟት ነው፣ ታሳዝናለች። በዚህ ኮብልስቶን ላይ በታኮ ጫማ መዞር ቀላል ነው እንዴ? እኔ አላውቃትም። እርስዎ ያውቋታል? አንድ የማውቀውን ፊት ትመስላለች… ግን ያቺ የምትመስላት ሰው ከፋሲካ ወዲህ በዚህ በር አልገባችም። እሷ ብትሆን ኖሮ ቀጥ ብላ ወደ ላይ ትወጣ ነበር እንጂ አግዳሚ ላይ ምን አስቀመጣት? ስለዚህ እሷ አይደለችም። እኔም ስለ እሷ አይደለም የማወራዎት፤ ስለ ሌላ ሰው ነው።

የእማማ ዘርፌን ልጅ ማለቴ ነው። ስሟ አሁን ጠፋብኝ፤ እማማ ሁልጊዜ “ልጄ፣ ልጄ” ስለሚሉ ስሟን ረሳነው እኮ። እንዴት ያለች ጸሎተኛ መሰለችዎ! እናቷ የሚካኤል ሰው ናቸው፣ እሷ ደግሞ ጌታን ተቀብያለሁ ብላ ሌላ ቸርች ገብታለች። ይሄ የራሷ ነው፣ እኔ ምን አገባኝ? ካቻምና ፋሲካ… ምን ካቻምና እላለሁ፣ የአምናው ነው፣ ስለራቀብኝ እኮ ነው! በፋሲካ መጣችና ግድግዳው ላይ ያለውን የሚካኤልን ስዕል አየች። “እማዬ፣ ይሄ ካልወረደ፣ አንቺም ካልተመለስሽ፣ እግሬ ይሄን ቤት አይረግጥም” ብላ ወጣች። ዶሮው እንኳ አልቀረበም ነበር። እና ቃሏን ጠበቀችልዎ! ዘንድሮ ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ከየት ይገኛል? ክረምቱ ገባ፣ አልረገጠችም። ክረምቱ ወጣ፣ አልረገጠችም።

እማማ ደረጃው ላይ የወደቁ ቀን ያስታውሳሉ አይደል? እኔና ሃይደር በብርድ ልብስ ይዘን ስናወርዳቸው እርስዎ በሩን ይዘውልን ነበር። እኔ እንደ ጅል ለልጃቸው ደወልኩላት፣ ትሮጣለች ብዬ። እሷ ግን ከእኔ ትበልጣለች፤ ወዲያው ከቸርች ሰዎች ጋር ጾም ያዘችላቸው። ምን ነው ታዲያ? እኛ ሥጋቸውን አወረድን፣ እሷ ነፍሳቸውን ያዘች። ሥራ ተከፋፈልን ማለት ነው። እኔማ እስካሁን ወገቤን ያመኛል፤ ከባዱን እኛ ሳንወስድ አንቀርም።

የጾሟን ነገር ደግሞ ለእማማ ነገርኳቸው፣ ደስ እንዲላቸው ብዬ። “ልጅዎ ስለ እርስዎ እህል አትቀምስም” ብላቸው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? ከአልጋቸው ሊነሱ ምንም አልቀራቸው! “ውይ ልጄን! ጨጓራ አለባት እኮ! ደውዪላት ሲቲዬ፣ እሷ ትብላ በያት፣ እኔ እጾምላታለሁ።” ወላሂ እንደዚህ ነው ያሉኝ። ደወልኩ፤ አላነሳችም። ጸሎት ላይ ነበረች መሰለኝ።

ስልክ ስል ትዝ አለኝ። የእማማ ስልክ ባለ ቁልፍ አይደለች? ቴሌግራም የሚባል አታውቅም። ስለዚህ ልጅቷ ጸሎቱን በድምፅ ቀድታ ለእኔ ትልካለች። “ሲቲ እባክሽ፣ ለእማዬ አሰሚልኝ” ብላ፣ በትህትና፤ አስተዳደጓማ ያስታውቃል። ሱቄን ዘግቼ ደረጃውን እያለከለክሁ እወጣለሁ። አጠገባቸው ቁጭ እልና እከፍተዋለሁ። አቤት ጸሎት! “ጌታ ሆይ፣ ይህቺን በጨለማ የተቀመጠች ሴት አስባት፣ ከጣዖት አላቃት፣ ሳትጠፋ መልሳት…” እማማ ስልኬን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ “አሜን! አሜን ልጄ! አሜን የኔ እናት!” እኔ ሙስሊሟ ነኝ የምሸማቀቀው።

ሲያልቅ ደግሞ ምን እንደሚሉ ያውቃሉ? “ድምጿ ጎርነን አለብኝ፣ ጉንፋን ይዟታል እንዴ? እስኪ ድገሚልኝ ሲቲዬ።” እደግመዋለሁ። ጨለማው ይደገማል፣ ጣዖቱ ይደገማል፣ አሜኑም ይደገማል። የምትለውን እኮ አይሰሙም ጋሽ ገሰሰ። ድምጿን ብቻ ነው የሚሰሙት። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ፣ ሱቅ ክፍት ትቻለሁ ብዬ ወጥቼ ደረጃው ላይ አለቀስኩ። ሱቁ ተዘግቶ ነበር።

እሳቸውስ መች አረፉ? ጠዋት ጠዋት በሚካኤል ስም “ልጄን መልስልኝ” ይላሉ። እሷ ከቦሌ “እናቴን መልስልኝ” ትላለች። አላህ መካከል ላይ ሆኖ ማንን ወዴት እንደሚመልስ ግራ ሳይገባው… አስተግፊሩላህ! ምን አስለፈለፈኝ!

መዞሩን ግን ከማን እንደወረሰች ያውቃሉ? ከእናቷ ነው። እማማ እኮ ላምበረት መናኸሪያ ቆሎ ሲሸጡ ነው ያሳደጓት። እሷን በጀርባቸው አዝለው፣ ወደ ሰሜን የሚሄደውን አውቶብስ ሁሉ እየዞሩ፣ በመስኮቱ ቆሎ እያቀበሉ። ዝናብ የለ፣ ፀሐይ የለ። ዩኒቨርሲቲ የገባችው በዚያ ዙረት ነው፤ ቢሮዋም፣ መኪናዋም፣ ያ ሻርፕም… ማለቴ፣ ሻርፕ ካላት። ልዩነቱ ምን መሰለዎት፣ እናቷ የዞሩ ጊዜ ተሸክመዋት ነበር።

ደግሞ አንድ ምስጢር ልንገርዎት። ጠጋ ይበሉ… አይ፣ አይሰሙኝም፣ ጮክ ብዬ ልንገርዎት። ግንቡ ወድቋል!

ኧረ በእውነት! ባለፈው ሳምንት እማማ “ሲቲዬ፣ ወንበሩ ላይ ውጪና ሚካኤልን አውርጂልኝ” አሉኝ። እምቢ አልኩ። የእኔ እጅ እንዴት ያወርደዋል? “ግዴለሽም፣ አንቺን አይይዝሽም፣ ጥፋቱ የኔ ነው” አሉኝ። አወረድኩት። በአቧራው ላይ ሳሙት፣ በነጠላ ጠቀለሉት፣ ትራሳቸው ሥር አስገቡት። “አንተም ታውቀዋለህ፣ ለልጄ ብዬ ነው” አሉት፣ እንደ ሰው። አሁን ግድግዳው ላይ የቀረው ሚስማሩ ነው። ጠዋት ሲነሱ ሚስማሩን እያዩ ያማትባሉ።

ለልጅቷ ወዲያው ልጽፍላት ነበር፤ እማማ ከለከሉኝ። “አትንገሪያት፣ ራሷ መጥታ ስታየው ነው ደስ የሚላት” አሉኝ። እኔም ዛሬ የምናገረው ለእርስዎ ብቻ ነው። እርስዎ ምስጢር አያወጡም፣ ግማሹን ስለማይሰሙት።

እና ዛሬ ጠዋት መዝሙሩ ሲጀመር እማማ ድምጿን ለዩ። ከዚያ ሁሉ ድምፅ መካከል! ምርኩዛቸውን ይዘው፣ ግድግዳውን እየዳበሱ፣ በረንዳው ላይ ደረሱ። እጃቸውን አውለበለቡላት። ልጅቷ ግን ዓይኗን ጨፍና ነው የምትጸልየው፣ ከልቧ ነዋ! አለፈች። ዞራ መጣች፣ ደግመው አውለበለቡ። አለፈች። ያኔ ደወሉልኝ፤ ወደቁ ብዬ ሚዛኑን ጥዬ ሮጥኩ። ስደርስ ፊታቸው በርቷል፣ ሙሽራ የመጣላቸው ነው የሚመስሉት። “ሲቲዬ፣ ልጄ መጥታለች እኮ! ግን ሕንፃውን ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ አትገባም። ይሄ ኮንዶሚኒየም ሁሉም አንድ ነው፣ ደግሞ ቆይታለች፣ መግቢያው ጠፍቷት ይሆናል። ሰው ፊት መጠየቅ አፍራ ነው። በሞቴ ወርደሽ አሳያት።”

ምን ልበላቸው ጋሽ ገሰሰ? እርስዎ ቢሆኑ ምን ይሏቸው ነበር? “አልጠፋትም” ልበላቸው?

እሺ ብዬ ወረድኩ። እሳቸው አዲሱን ቀሚሴን አልብሽኝ ብለው፣ ለብሰው፣ በሩን ወለል አድርገው ከፍተው፣ ወንበር ላይ ቁጭ ብለዋል። ለልጅ ልጃቸው ለፀደንያ ብስኩት ከሱቄ አስመጥተዋል፤ የበፊቱ ጊዜው አለፈበት፣ ይሄ አዲስ ነው። ያቺ ሕፃን አድጋ ይሆናል፣ ብስኩት ትወድ እንደሆነ እንኳ አናውቅም።

ታዲያ ማንን ላሳይ? እዚህ እንደሁ መግቢያ የጠፋበት ሰው አይታየኝም። ሁሉም የተማረ ነው፣ የመንግሥተ ሰማያትን በር እንኳ ያውቃል። እርስዎ እንዳይረሱት ግን ልንገርዎት፣ ዕድሜ ነውና። መግቢያው በዚያ በኩል ነው፣ ከቆጣሪው ሳጥን አጠገብ። ደረጃው ላይ መብራት የለም፣ ብረቱን ይዞ መውጣት ነው። አራተኛ ላይ ሲደርሱ በስተቀኝ፣ በሩ ክፍት ነው። ማንኳኳትም የለበት። ጌታን ተቀበሉ አልተቀበሉ የሚል ማንም የለም፤ አንዲት አሮጊት አሉ፣ የመጣውን ተቀብለው የሚስሙ።

ኧረ… ተነሳች እንዴ? ዝም ይበሉ፣ አይዩዋት። ወደ መግቢያው እያየች ነው። ያረብ… ቆመች። በላይዋ፣ እማማ በረንዳው ላይ ወጥተዋል፣ አዩዋቸው? እያውለበለቡ ነው። ቀና በይ… ቀና በይ አቦ…

ሻርፗን አስተካከለች።

አሃ። ወደ ዙረቱ ገባች። መዝሙሩን ከመካከል ተቀበለችው፣ አንድም ቃል አልሳተችም። አቤት ጉልበት! ጎበዝ ናት፣ አይካድም። ይብላኝ ለእኔ፣ ወጥቼ “መንገዱን አሳየኋት እማማ” ለምለው።

ግዴለም። የሰው ልጅ ሲጸልይ ዝም ብሎ ማየት ደግ አይደለም፣ እኛም ዱዓ እናድርግ። እጅዎን ይዘርጉ። ያቺ ጸሎተኛ… ያቺ የማላውቃት ልጅ… አላህ የለመነችውን ይስጣት። ረጅም ዕድሜ ይስጣት፣ ፀጉሯ ጥጥ እስኪመስል። ቤት ይስጣት፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሰፊ በረንዳ ያለው። ፀደንያዋን ያሳድግላት፣ ልክ እንደ እናቷ ጸሎተኛ ያድርግላት። እና አንድ ቀን ልጇ በዚህ በሚያምር ድምፅ፣ ሳይደክማት፣ ዓይኗን ጨፍና ሕንፃውን ስትዞርላት… እሷም በረንዳዋ ላይ ቆማ ቁልቁል ለማየት ያብቃት።

አሜን ይበሉ እንጂ ጋሽ ገሰሰ… ጮክ ብለው!