የአያ ደሴ ሞባይል

አያ ደሴ ዳንግላ ዳር ሽንኩርት የሚያለሙ ጎረቤቴ ናቸው። ለጎመኔ ፋንድያ ተሸክሜ ሳልፍ ባዩኝ ቁጥር አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ይይዙና «እኔ የማምነው የከረጢቱን ማዳበሪያ ነው፤ አንቺ የምታበቅይው ጎመን ሳይሆን ሽታ ነው!» ይሉኛል። በቀደም ከገበያ ስንመለስ ሁለታችን አንድ ጋሪ ላይ ተሳፈርን። ፈረሱ መንገዱ መሀል ፋንድያውን ጣል አድርጎ ትንሽ እንዳለፈ፣ አያ ደሴ «አቁም! ሞባይሌ ወደቀ!» ብለው ዘለው ወረዱ። እኔም ላፋልጋቸው ተከትዬ ብሄድ፣ ቁጢጥ ብለው ፋንድያውን በፌስታል ይዝቃሉ።

«አያ፣ ሞባይልዎ ይጤሳል እኮ!» አልኳቸው።

ደንግጠው ዞሩ። «ቀስ በይ እባክሽ፣ ባለጋሪው እንዳይሰማ! ጓሮ አንዲት መደብ ላይ ተደብቄ ብሞክረው የሽንኩርቱ ራስ ጡጫ አከለ። ሚስቴ እንኳ አታውቅም» አሉኝ። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፤ ግን እውነቱን ለመናገር ፋንድያው እኔንም አስጎምጅቶኛል። «ዝም እንድል ከፈለጉማ እኩል እንካፈላለን» አልኩና የራሴን ፌስታል ከፈትኩ። ጎን ለጎን ቁጢጥ ብለን በእጃችን ስንካፈል፣ ባለጋሪው ከኋላችን መጥቶ ቆሞ ኖሯል።

«ለመሆኑ» አለ፣ «ፈረሱ የማን ነው?»