አሥራ አራቱ ሽማግሌዎች

ጠዋት፤ ከአቶ ደምመላሽ አጥር ሥር ሁለት ሰዎች አጎንብሰዋል፦ ልጃቸውን ሕሊናን ሊጠይቅ በሽማግሌነት የመጣው ዘርጋውና ልጅቷን ሊያገባ ያሰበው የእህቱ ልጅ ናሁሰናይ።

ዘርጋው፦ አልገባም አልኩህ! ሰውየው ጠመንጃ ይዞ በረንዳው ላይ ቆሟል።

ናሁሰናይ፦ ጋሼ፣ ቀስ ይበሉ፣ ይሰሙናል። ደስ ብሏቸው ይሆናል እኮ።

ዘርጋው፦ ደስ ያለው ሰው ጥይት ያጎርሳል? ስሙ ራሱ ደምመላሽ! አንዴ ጅብ ላይ ተኩሶ ስቶት፣ ጥይቷ ሦስት ቀን ስትፈልገው ከርማ ገበያ መሀል አገኘችው ይባላል።

ናሁሰናይ፦ አሁን ይሄ ይወራል?

ዘርጋው፦ ምንድነው የላክህለት?

ናሁሰናይ፦ «የሚመጡት እነማን ናቸው? ስማቸውን በቴሌግራም ላክ» ስላሉኝ የሦስታችሁን ስም ላክሁ። ራሴ በሠራሁት የኮምፒውተር ፕሮግራም! ኮርሱን ከጀመርኩ ገና ሁለት ሳምንቴ ነው።

ዘርጋው፦ በእጅህ ብትጽፈው ጣትህ ይቆረጣል?

ናሁሰናይ፦ ሕሊና ትኮራብኛለች ብዬ ነዋ።

ዘርጋው፦ እስቲ አሳየኝ። «የሽማግሌዎች ዝርዝር። አንድ፦ ዘ። ሁለት፦ ር። ሦስት፦ ጋ። አራት፦ ው።» እኔን ነው እንዲህ የበለትከኝ?

ናሁሰናይ፦ በአንድ መስመር ዘርጋው፣ በላቸው፣ ጥሩነህ ብዬ ባዶ ቦታ ሳልተው ጻፍኩና «ዝርዝር አድርገው» አልኩት። ለካ ኮምፒውተር ስም ብሎ ነገር አያውቅም። ጽሑፍ ሲሰጡት ፊደል በፊደል ነው የሚዘረዝረው።

ዘርጋው፦ አምስተኛው ሰውዬስ? ሁለት ነጥብ ከነባርኔጣው!

ናሁሰናይ፦ ነጠላ ሰረዝ ነው። እሱንም እንደ ሰው ቆጠረው።

ዘርጋው፦ ጠቅላላ ስንት ሆንን?

ናሁሰናይ፦ አሥራ አራት።

ዘርጋው፦ ጉድ ፈላ! ሦስት ሰው ሽምግልና ነው፤ አሥራ አራት ሰው ጠለፋ ነው! ያውም ስሙን የደበቀ!

ናሁሰናይ፦ ቆይ፣ አስተካክለዋለሁ። «ሰረዙ ጋ ስትደርስ ቁረጥ» ልበለው... ይኸው! ሦስት ስም፣ ንጹሕ። ላክሁት።

ዘርጋው፦ አየው?

ናሁሰናይ፦ አዩት። እየጻፉ ነው... ወይኔ።

ዘርጋው፦ ምን አለ?

ናሁሰናይ፦ «ሦስት ደግሞ ተጨመሩ? አሥራ ሰባት!»

ዘርጋው፦ አለቀልን! ልጆቼን አደራ! በላቸውና ጥሩነህስ የታሉ?

ናሁሰናይ፦ ጠመንጃውን እንዳዩ ሮጡ። ጥሩነህ ያ ወገቡን የሚያመው ሰውዬ አጥር ዘለለ እኮ!

ዘርጋው፦ ለልጅቷ ደውል፣ ምን ትጠብቃለህ!

ናሁሰናይ፦ ሄሎ፣ ሕሊና? ለአባትሽ ንገሪያቸው፤ ሰዎቹ ሦስት ናቸው፣ ሌሎቹ ፊደል ናቸው። አዎ፣ ፊደል! አትሳቂ እንጂ!

ዘርጋው፦ ሳቀች?

ናሁሰናይ፦ እየሳቀች ልትነግራቸው ሄደች። ጋሼ፣ መልእክት ገባ። እርስዎ ያንብቡት።

ዘርጋው፦ «ሽማግሌዎቹ ይመለሱ። ስም የበተነው ልጅ ብቻውን ይግባ።» ይኸው፣ በሩን ከፈተው።

ናሁሰናይ፦ ጠመንጃውንስ አስቀመጡት?

ዘርጋው፦ ከዚህ አይታይም።

ናሁሰናይ፦ ጋሼ፣ አብረን እንግባ! ልጁ ራሱ ሽማግሌ ሆኖ አይገባም፣ ወግ አይደለም!

ዘርጋው፦ ወጉን እኔ እዚህ ሆኜ እጠብቅልሃለሁ። ግባ!